«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ»፦ የጠበቅነው ጨዋታና የጨረስነው ጨዋታ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በእጁ ያልገባን ነገር እንደ ገባ ቆጥሮ ተስፋ ላደረገ ሰው የሚነገር፣ ወይም ያ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ቃል ነው። ያበደረውን ገንዘብ «ዛሬ ነገ» እየተባለ የሚጠብቅ አበዳሪ ይለዋል፤ ሩቅ አገር ያለ ዘመድ ይልክልኛል ብሎ ዓመት የቆጠረም ይለዋል፤ በወረቀት ላይ ድርሻ እያለው ትርፉን አይቶ የማያውቅ ባለ አክሲዮንም ይለዋል። ብዙ ጊዜ ተናጋሪው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ብሎ ሁለተኛውን ለአድማጩ ይተውለታል። እኔ ይህን አባባል ደጋግሜ የማስታውሰው የቪዲዮ ጨዋታ ጨርሼ፣ የሠሪዎቹ ስም በመስኮቱ ላይ ከታች ወደ ላይ ሲያልፍ እየተመለከትሁ፣ «ወደድሁት ወይስ አልወደድሁትም?» ብዬ ራሴን በምጠይቅበት ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት የምሰጠው ፍርድ ስለ ጨረስሁት ጨዋታ ነው ወይስ ከመጀመሬ በፊት በሐሳቤ ሳሳድገው ስለ ኖርሁት ጨዋታ የሚለውን ጥያቄ ከዚህ አባባል የተሻለ የሚያስረዳልኝ አላገኘሁም።

አባባሉ ሲቆጠር «ላም አለኝ በሰማይ» ስድስት ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚባል የድምፅ ክፍል)፣ «ወተቷንም አላይ» ስድስት ቀለም ነው፤ ይህም በግጥሞቻችን የወል ቤት የሚባለው ምት ሲሆን፣ መጨረሻዎቹም «ማይ» እና «ላይ» ሆነው ይገጥማሉ። ከምቱ ይልቅ ግን ሰዋስው የሚናገረው ይበልጣል። በአማርኛ አንድ ነገር የእኔ ነው ለማለት የምንጠቀምበት «አለኝ» የተገነባው መኖርን ከሚገልጸው «አለ» ነው፤ ስለዚህ ተናጋሪው ሲጀምር ላሟ መኖሯን በሙሉ ልብ ያውጃል። የሚክደው መኖሯን ሳይሆን ማየቱን ነው። «ወተቷንም» በሚለው ቃል ውስጥ ያለችው «ም» ደግሞ «ላሟስ ትቅር፣ ወተቷን እንኳ» የሚል ምሬት ታክላለች። ግሱም «አላየሁም» ተብሎ ባለፈ ነገር አልተዘጋም፤ «አላይ» ተብሎ ዛሬም ነገም የሚቀጥል ሆኖ ቀርቧል። የማይታየው ወተት እየተጠበቀ ነው ማለት ነው።

ቃሉ የተቀዳው ከገበሬ ቤት ነው። በገበሬው ዘንድ ላም ማለት ወተት ብቻ አይደለችም፤ ወተቷ ተንጦ ቅቤ ይወጣዋል፣ አሬራው አይብ ይሆናል፣ እበቷ ደርቆ ኩበት ሆኖ ይነድዳል፣ የወለደችው ወይፈንም አድጎ ይጠመዳል። «ላም አለኝ» ማለት ቤቴ ሙሉ ነው ለማለት ጥቂት የቀረው ንግግር ነበር። በዚያው ኑሮ ውስጥ የርቢ ልማድ አለ፤ ግጦሽ ወይም ጠባቂ ያጣ ሰው ላሙን ለሌላ ሰው በርቢ ይሰጣል፣ ተቀባዩ ወተቷን እየጠጣ ያረባታል፣ የምትወልደውንም ይካፈላሉ። እንዲህ ያለው ባለቤት በሰው መካከል «ላም አለኝ» ቢል እውነቱን ነው፤ ወተቷን ግን አያይም። እኔ አባባሉን ሳነበው ላሟ መጀመሪያ በሌላ ሰው ደጅ የታሰረች፣ ኋላም በተናጋሪዎች ምናብ ወደ ሰማይ የወጣች ትመስለኛለች። ሰማይ ለገበሬ ዓይኑን የማይነቅልበት፣ እጁ ግን የማይደርስበት ስፍራ ነውና።

ዛሬ ይህን ቃል የሚጠቅሱ ሰዎች በአብዛኛው የሚያዞሩት የገባውን ቃል ባልፈጸመው ሰው ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ላሟን ሰማይ ላይ ያሰራት ማን ነው? አንዳንድ ጊዜ ቃል የገባው ሰው ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ማንም ምንም ሳይል ባለቤቱ ራሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አንዱ ገመዱን ያቀብላል፣ ሌላው ይጎትታል። አንድን ጨዋታ ጨርሶ «አሳፈረኝ» የሚል ሰው ይህን ሳይለይ ከፈረደ፣ ፍርዱ ስለ ጨዋታው ምንም ላይነግረን ይችላል።

ለዚህ በስሙ ውስጥ ሳይቀር ሰማይ ያለበት ጨዋታ ምሳሌ ይሆነናል (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። «ኖ ማንስ ስካይ» የተባለውን ጨዋታ በእንግሊዝ አገር በጊልፎርድ ከተማ የሚገኘው ሄሎ ጌምስ የተባለ አነስተኛ ስቱዲዮ ለሕዝብ ያስተዋወቀው ዲሴምበር 7 ቀን 2013 ነበር። በዚያው ወር በፈረንጆች ገና ዋዜማ ቢሮው በጎርፍ ተጥለቀለቀ፤ ሥራው ግን ቀጠለ፣ የፕሌይስቴሽን ሠሪው ሶኒም ጨዋታውን በትልልቅ መድረኮቹ አሳየው። የተነገረው ነገር በእርግጥ የሚያስደንቅ ነበር፦ በሰው እጅ አንድ በአንድ ያልተሣሉ፣ በሒሳብ ቀመር የሚፈጠሩ ከ18 ኩንቲሊዮን በላይ ፕላኔቶች፣ ማለትም ከ18 ቀጥሎ 18 ዜሮዎች የሚጻፉለት ቁጥር። ከዚህ በላይ ተስፋን ልጓም የሚያሳጣ ነገር አላውቅም። አንድ ከተማ ያለው ጨዋታ ቢሆን የምንጠብቀው በከተማዋ ልክ ይሆን ነበር፤ ማንም ባላየው ፕላኔት ላይ ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱን ፍላጎት ያሰፍራል። ጨዋታው ከጁን 2016 ወደ ኦገስት መዘግየቱ በተነገረ ጊዜ የስቱዲዮው መሪ ሾን መሪ የግድያ ዛቻ እንደ ደረሰው ተናግሯል፤ ገና አንድም ገዢ ሳይነካው ጨዋታው በብዙ ሰው ልብ ውስጥ ያለቀ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ኦገስት 9 ቀን 2016 በ60 ዶላር ለገበያ ቀረበ፤ በዚያው ሳምንት በኮምፒዩተር ሲወጣ ስቲም በተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታዎች የኢንተርኔት መደብር ላይ በአንድ ጊዜ ከ212,000 በላይ ተጫዋቾች ገቡበት። ሾን መሪ በቃለ መጠይቆች ላይ ተጫዋቾች መገናኘታቸው እጅግ አልፎ አልፎ የሚሆን ቢሆንም የሚቻል መሆኑን ተናግሮ ነበር፤ በወጣበት ቀን ግን ሁለት ተጫዋቾች በአንድ ፕላኔት ላይ አንድ ቦታ ደርሰው እርስ በርስ ሊተያዩ አልቻሉም። በሁለት ወር ውስጥ በስቲም ላይ የሚጻፉት አስተያየቶች እጅግ አሉታዊ ሆኑ። የብሪታንያ የማስታወቂያ ደረጃዎች ባለሥልጣን አቤቱታዎቹን መርምሮ በኖቬምበር 2016 ማስታወቂያው አሳሳች አይደለም ሲል ወሰነ፤ ቅር የተሰኙት ግን በውሳኔው አልረኩም። እኔ እንደማየው በዚያ ወቅት ሁለት ቅሬታዎች ተቀላቅለው ነበር። ትገናኛላችሁ ተብሎ ያልተገናኘ ሰው ቅሬታ ፍትሐዊ ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ ወተቱን ተነፍጓል። በእያንዳንዱ ፕላኔት ላይ ሌላ ዓለም፣ ሌላ ታሪክ፣ ዕድሜ ልክ የማይሰለች ነገር አገኛለሁ ብሎ የመጣው ሰው ቅሬታ ግን ሌላ ነው፤ ያንን ማንም አልሸጠለትም ነበር። ሁለተኛው በመጀመሪያው ጀርባ ታዝሎ አለፈ፣ ማንም የለየው አልነበረም።

እኔም ከእነዚህ መካከል ነበርሁ። ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት እስኪቀሩት ድረስ ጠብቄ ገዛሁትና ወደ ጋላክሲው መሃል ገሰገስሁ፤ በመሃሉ አንድ መልስ፣ አንድ ፍጻሜ አገኛለሁ ብዬ በእርግጠኝነት አምኜ ነበር። ስደርስ ጨዋታው ወደ ሌላ ጋላክሲ አሻግሮ እንደ አዲስ አስጀመረኝ። «ባዶ ነው» ብዬ ዘጋሁት፤ ለጠየቀኝ ሁሉም እንዲሁ እል ነበር። ከዓመታት በኋላ የእህቴ ልጅ ያንኑ ጨዋታ ስለ ቀድሞው ወሬ ምንም ሳይሰማ ጀመረና ሐምራዊ ሣር ባለበት አንድ ፕላኔት ላይ ቤት ሠርቶ ሳምንታት ተቀመጠ። መሃሉ ላይ ያገኘሁትን ስነግረው ተገርሞ፣ «ጋሼ፣ ታዲያ እዚያ ድረስ ምን ወሰደዎት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በጉዞዬ ያለፍኋቸውን ፕላኔቶች አንዳቸውንም እንዳላስታውስ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እርግጥ ነው፣ እሱ የተጫወተው ጨዋታና እኔ የተጫወትሁት አንድ አልነበሩም። ስቱዲዮው ከኖቬምበር 2016 ጀምሮ ተጨማሪ ክፍያ ሳይጠይቅ ማሻሻያዎችን እያከታተለ አወጣ፤ በጁላይ 2018 ተጫዋቾች በእርግጥ ጎን ለጎን መቆም ቻሉ፤ በ2020 ጨዋታው ሳያቋርጡ ለሚታደሱ ጨዋታዎች የሚሰጠውን ትልቅ ሽልማት ተቀበለ፤ በ2024 መጨረሻም የስቲም አጠቃላይ ግምገማው በጣም አዎንታዊ ወደሚባለው ደረጃ ወጣ። ላሟ በእውነት ተሻሽላለች። ነገር ግን በ2020 የገዛ ሰው የገዛው አስቀድሞ ሌሎች ሲጫወቱት ያየውን ነው፤ በ2016 የገዛ ሰው የገዛው የተነገረውንና ያሰበውን ነው። ከአስተያየቱ መገለባበጥ የትኛው ክፍል ከማሻሻያው፣ የትኛው ከጠባቂው መለወጥ እንደ መጣ በአሥር ጣት ለይቶ ማሳየት አይቻልም፤ ሁለተኛው ግን ትንሽ እንዳልሆነ ከራሴና ከእህቴ ልጅ አይቻለሁ።

የሸማቾችን እርካታ ያጠናው አሜሪካዊው ሪቻርድ ኦሊቨር በ1980 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ ነገር በሳይንስ ቋንቋ አስቀምጦታል፤ ሰው የሚረካው በተቀበለው ነገር ብቻ ሳይሆን በተቀበለውና አስቀድሞ በጠበቀው መካከል በሚያገኘው ልዩነት ነው። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው ተስፋ መለኪያ ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ዓይንንም ይመራል። መሃሉን ብቻ የሚያይ ሰው ሐምራዊውን ሣር አያየውም።

ጉዳዩ ከፍጻሜ ጋር በተያያዘ ጊዜ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። በካናዳ ኤድመንተን የሚገኘው ባዮዌር ከ2007 እስከ 2012 ባወጣቸው ሦስት የ«ማስ ኢፌክት» ጨዋታዎች ተጫዋቹ በአንደኛው የወሰነው ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ይሸጋገራል፤ ማን እንደሚሞትና ማን እንደሚተርፍ በእሱ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሠሪዎቹም ፍጻሜው ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብሎ የሚቆጠር እንደማይሆን ተናግረው ነበር። በማርች 2012 ሦስተኛው ሲወጣ ግን ተጫዋቾች በመጨረሻው ያገኙት በቀይ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ ብርሃን የሚለያዩ፣ በቀረው ግን እጅግ የሚመሳሰሉ ሦስት ምርጫዎችን ነበር። ቅር የተሰኙት ድምፃቸውን ለማሰማት በሆስፒታል ላሉ ሕፃናት ለሚውል በጎ አድራጎት ከ80,000 ዶላር በላይ አሰባሰቡ፤ ቀለማቸው ሦስት፣ ጣዕማቸው ግን አንድ የሆነ 400 ያህል ትናንሽ ኬኮችንም ለስቱዲዮው ላኩ። በጁን 2012 ባዮዌር ፍጻሜውን የሚያብራራ ተጨማሪ ክፍል በነፃ አወጣ።

ይህን ቅሬታ ከንቱ ምኞት ብሎ መጣል ተገቢ አይመስለኝም፤ እዚህ ላይ ተስፋውን ያስተማረው ራሱ ጨዋታው ነው። ነገር ግን በዚያው በሦስተኛው ጨዋታ በቱቻንካ ፕላኔት ላይ የሚያልፈው ምዕራፍ ከዓመታት በፊት የተወሰኑ ውሳኔዎችን አንድ በአንድ እየጠራ የሚከፍል ነው፤ ማን እዚያ እንደሚቆም፣ አንድ ሕዝብ መውለድ ይችል እንደሆነና እንዳይችል ሁሉ ከዚያ ይወሰናል። የተጠበቀው ወተት በመሃል ታልቦ ነበር። ብዙዎች ግን ቅሉን ይዘው የቆሙት በመጨረሻው በር ላይ ስለ ነበር፣ የቀደመውን ሁሉ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ለኩት። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ሌላው አባባላችን ለዚህ ይስማማል፤ የሚያሳዝነኝም ከፍጻሜው ድክመት ይልቅ ይህ የወደቀው ነገር ነው።

ማንም ቃል ሳይገባም ላም ሰማይ ላይ ትታሰራለች። የጃፓኑ ጨዋታ ሠሪ ኒንቴንዶ በኦገስት 2000 በጃፓን ጌምኪዩብ የተባለው አዲስ የጨዋታ መሣሪያው ምን ማድረግ እንደሚችል ለማሳየት፣ የ«ዜልዳ» ጀግና ሊንክ ከጠላቱ ከጋነንዶርፍ ጋር በሰይፍ ሲፋለም በጊዜው እውን በሚመስል ሥዕል አቀረበ። አጭር ማሳያ ነበር፤ ተመልካቹ ግን የሚመጣውን ጨዋታ አየሁ አለ። ከአንድ ዓመት በኋላ ትክክለኛው ጨዋታ፣ «ዊንድ ዌከር»፣ ዓይኑ ትልልቅ የሆነ ሕፃን መሰል ሊንክ በካርቱን መልክ ይዞ ሲታይ ቁጣው ከፍተኛ ነበር። በዲሴምበር 2002 በጃፓን ወጥቶ ፋሚትሱ ከተባለው የአገሩ መጽሔት ከ40 ሙሉ 40 ቢያገኝም፣ ብዙ ተጫዋቾች ልባቸው የተመለሰው የመጀመሪያውን ማሳያ ከረሱ በኋላ ነው። ዛሬ ባሕሩና ነፋሱ ሳያረጁ በመቆየታቸው የሚመሰገነው ያው የካርቱን መልክ ነው።

ምንም ሳይጠብቁ የጀመሩት ጨዋታም በተራው ከልኩ በላይ ይወደሳል፤ በማለዳ በር ላይ ጥገት ላም ቆማ ያገኘ ሰው ስለ ወተቱ ማነስ አያጉረመርምምና። ስለዚህ የተከፋሁበትን ፍርድ ያህል የተደሰትሁበትንም እጠራጠራለሁ። ከእህቴ ልጅ ጥያቄ ወዲህ ማንኛውንም ጨዋታ ከመጀመሬ በፊት የምጠብቀውን በማስታወሻ ደብተር እጽፋለሁ፤ በእያንዳንዱ ተስፋ ትይዩም ይህን የነገረኝ ማን እንደሆነ እመዘግባለሁ፤ ሠሪው ራሱ፣ ወዳጄ፣ ወይስ እኔ። ስጨርስ መጀመሪያ የማነበው ያንን ገጽ ነው።

ሄሎ ጌምስ ዲሴምበር 7 ቀን 2023፣ ልክ በአሥረኛ ዓመቱ፣ «ላይት ኖ ፋየር» የተባለ ሌላ ጨዋታ አስተዋወቀ፤ ይህ ደግሞ ሁሉም ተጫዋቾች በጋራ የሚኖሩባት፣ ስፋቷ መሬታችንን የሚያህል አንዲት ፕላኔት ነው። ማስተዋወቂያው ሲታይ በልቤ ተራራዋን መውጣት ጀምሬ ነበር። በዚያው ሌሊት ደብተሬን አውጥቼ የጠበቅሁትን ስጽፍ ዘጠኝ መስመር ሞላ፤ «ማን ነገረኝ» በሚለው ዓምድ ውስጥ ሁለቱ ላይ የስቱዲዮውን ስም፣ በሰባቱ ላይ የራሴን ስም ጻፍሁ።