«ተካፈለ» ስለሚለው ግስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ በበዓል ዋዜማ ቅርጫ ከሚታረድበት ግቢ «ተካፈልን» ሲባል ይሰማል፤ በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ከስብሰባ አዳራሽ «ተካፋዮች» የሚል ጥሪ ይመጣል። ግሱ አንድ ነው፤ ስለ አገባቡ የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ የተዛባ ነው።

«ተካፈለ ማለት በቦታው ተገኘ ማለት ነው።»

አይደለም። መነሻ ሐሳቡ አንድን ነገር ከፍሎ ድርሻ መውሰድ ሲሆን፣ ክፍል፣ ከፊልና ክፍያም ከዚሁ ሥር ይወጣሉ። የቅርጫው ሥጋ በኮባ ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ተደልድሎ፣ ከየብልቱ ለሁሉም መደብ እንዲደርስ ተደርጎ፣ ዕጣ ከተጣለ በኋላ እያንዳንዱ የደረሰውን ሲያነሣ «ተካፈሉ» ይባላል፤ አጥር ተደግፎ ሲያይ የቆየው ጎረቤት ግን ተገኘ እንጂ አልተካፈለም። «በስብሰባው ተካፈለ» የሚለውም ከዚሁ የተስፋፋ ነው። ከኋላ ወንበር ስልኩን ሲነካካ የዋለውን ሰው «ተካፋይ» ማለት ልማድ ቢፈቅደውም ለእኔ ለቃሉ ይከብደዋል።

«የጋራ ድርጊት ስለሆነ በነጠላ አይነገርም።»

«ዳቦውን ከእህቱ ጋር ተካፈለ»፣ «በሩጫው ተካፈለች» ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሊጠነቀቁለት የሚገባው ቁጥሩ ሳይሆን ምዕላዱ ነው፤ የሚከፈለው ነገር «ን»ን፣ ክንዋኔው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «በ»ን ይወስዳል። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበውን የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጫምባላላን፣ ብንወስድ «ቡርሳሜውን ተካፈልን» ስንል ከቆጮ፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራውን ምግብ በላን ማለታችን ሲሆን፣ «በበዓሉ ተካፈልን» ስንል በዓሉ ወደሚከበርበት አደባባይ፣ ጉዱማሌ፣ ወጥተን ከሚያከብሩት ጋር አከበርን ማለታችን ነው። ሐዘን ግን እንደ ሥጋው «ን»ን ይወስዳል፤ «ሐዘናችሁን እንካፈላለን» የሚል ለቅሶ ደራሽ ሐዘኑን እንደ ሸክም ቆጥሮ ከፊሉን እያነሣ ነውና።

«ተካፋይ ሁልጊዜ ድርሻ የሚወስደው ሰው ነው።»

በሒሳብ ነገሩ ይገለበጣል። 12 ለ3 ሲካፈል 4 ይደርሳል ስንል ተካፋዩ 12፣ አካፋዩ 3፣ ድርሻው 4 ነው። ወደ ቅርጫው ብንመልሰው ተካፋዩ በሬው ሆነ ማለት ነው! ምክንያቱ «ተካፈለ» እንደ አገባቡ ተደራጊነትንም ስለሚገልጽ ነው።

«ተሳተፈ ከውጭ የመጣ አዲስ ቃል ነው።»

የግዕዝ ቃል ነው፤ በቤተ ክርስቲያን «ሱታፌ» የሚባለውም ዘመዱ ነው። የመክፈል ሐሳብ ስለሌለው «በስብሰባው ተሳተፉ» እንላለን እንጂ «ሥጋውን ተሳተፉ» አንልም።

«ልምድ ስለማይቀነስ «አካፈለ» አይባልም፤ «አጋራ» ነው ትክክሉ።»

«አጋራ» ነገሩ የጋራ እንዲሆን ማድረግን ያጎላል፤ በቴሌግራም ሼር ለምናደርገው ጽሑፍ የሚስማማውም ስለዚህ ነው። «አካፈለ» ደግሞ ለተቀባዩ ድርሻ መድረሱን ያጎላል፤ ከሰጪው መጉደሉ የግድ አይደለም። ስለዚህ መምህሩ ልምዱን ቢያካፍልም ቢያጋራም አማርኛው አይጎድልም። መደቡን ለሚያወጣው ሰው ግን «አካፍለን» ይባላል፤ «አጋራን» ቢሉት ቢላውን ይዞ ግራ ይጋባል።