የመኖሪያ አካባቢ መጥፋት ምንድን ነው? ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችስ እንዴት ይብራራል?

የመኖሪያ አካባቢ መጥፋት የሚባለው አንድ ዝርያ ለመመገብ፣ ለመጠለልና ለመራባት የሚያስፈልጉት ነገሮች ከሚኖርበት ስፍራ ሲወገዱ ወይም ሊጠቀምባቸው እስከማይችል ድረስ ሲለወጡ ነው። የደን ምንጣሮ፣ የረግረጋማ መሬት መድረቅና የወንዝ መገደብ ከዋነኞቹ መንስኤዎች መካከል ናቸው። በ2019 ይፋ የሆነው ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት ግምገማ በየብስ ሥነ ምህዳሮች ላይ ከሁሉ የከፋ ጉዳት ያደረሰው የመሬት አጠቃቀም ለውጥ፣ በተለይም የእርሻ መስፋፋት መሆኑን አመልክቷል።

ተማሪዎች መኖሪያ ሲባል በካርታ ላይ የሚታይ ቦታ ብቻ አድርገው መውሰድ ይቀናቸዋል። እንቁላሏን ውኃ ውስጥ የምትጥል፣ ካደገች በኋላ ግን በጫካ ውስጥ የምትኖር እንቁራሪትን እንውሰድ፤ ኩሬው ሳይነካ ጫካው ብቻ ቢመነጠር፣ ወይም ሁለቱም ሳይነኩ በመካከላቸው ሰፊ መንገድ ቢያልፍ፣ መኖሪያዋ ጠፍቷል። ስለዚህ በክፍል ውስጥ መነሣት ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ስንት ሄክታር ተረፈ የሚለው ሳይሆን ለየትኛው ዝርያ ምን ተረፈ የሚለው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደው የተሳሳተ ግምት ግን እንስሳቱ ወደ ሌላ ቦታ ሄደው ይኖራሉ የሚለው ነው። ያ ሌላ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚችለውን ያህል ነዋሪ አስቀድሞ ይዟል። በ1979 በብራዚል ማናውስ ከተማ አቅራቢያ በአማዞን ደን በተጀመረው የረጅም ጊዜ ጥናት፣ ተመራማሪዎች ዙሪያቸው ተመንጥሮ የተነጠሉ 1፣ 10 እና 100 ሄክታር ስፋት ያላቸውን የደን ቁራጮች ሲከታተሉ፣ በቁራጮቹ ውስጥ በመረብ የሚያዙት ወፎች ቁጥር መጀመሪያ ጨምሮ ነበር። የጨመሩት ተፈናቃዮቹ ናቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ቁጥሩ አሽቆለቆለ። የጉንዳን መንጋ እየተከተሉ የሚመገቡ ወፎች ደግሞ ከትንንሾቹ ቁራጮች ፈጥነው ጠፉ፤ አንድ መንጋ የሚንቀሳቀስበት ስፋት ከቁራጩ ይበልጣልና።

የቦታው ስፋት ሳይቀንስ እንኳ መቆራረጡ ብቻ ጉዳት ያስከትላል። በደን ጠርዝ ነፋስና ፀሐይ ስለሚገቡ አፈሩ ይደርቃል፣ ትልልቅ ዛፎች ይወድቃሉ፣ ጥላ ወዳድ ተክሎችም ይመናመናሉ። ይህን ለማስረዳት ከሥዕል ይልቅ ስሌት የሚሻል ይመስለኛል። ለስሌቱ እንዲመች የጠርዙ ተጽዕኖ 100 ሜትር ወደ ውስጥ ይዘልቃል እንበል። ጎኑ 1 ኪሎ ሜትር የሆነ ካሬ ደን 100 ሄክታር ሲሆን፣ ተጽዕኖው የማይደርስበት እምብርቱ 64 ሄክታር ነው። ያው ስፋት እያንዳንዳቸው 10 ሄክታር ወደሆኑ 10 ካሬዎች ቢከፈል ግን የእምብርቶቹ ድምር 14 ሄክታር እንኳ አይሞላም፤ ወደ 100 ባለ 1 ሄክታር ቁራጮች ከተከፈለ ደግሞ ምንም እምብርት አይኖርም። ተማሪዎች ውጤቱን ራሳቸው ሲደርሱበት፣ ጠቅላላ ስፋትን ብቻ የሚገልጽ ዘገባ ምን እንደሚደብቅ ለማስረዳት ብዙ ንግግር አያስፈልግም።

ከስሌቱ በኋላ በአቅራቢያ ያለ ማንኛውም የዛፍ ወይም የሣር ቁራጭ ለመስክ ሥራ ይበቃል። ከጠርዝ ወደ መሐል ገመድ ተዘርግቶ በየ5 ሜትሩ የሙቀት መጠን፣ የብርሃን ሁኔታና በ1 ካሬ ሜትር ውስጥ የሚገኙ የተክል ዓይነቶች ይመዘገባሉ። የቦታውን ያለፈ ታሪክ ለማየት ደግሞ ከ1972 ጀምሮ የተነሡትና ከ2008 ወዲህ በነፃ የሚገኙት የላንድሳት የሳተላይት ምስሎች ይረዳሉ፤ የአንድ ምስል ነጥብ ግን በአብዛኛው 30 ሜትር በ30 ሜትር ስለሆነ ትንንሽ ቁራጮች በግልጽ ላይታዩ ይችላሉ።

በዚህ ሥራ ላይ አሳሳች የሚሆነው የጊዜ ጉዳይ ነው። ረጅም ዕድሜ ያለው ዛፍ መኖሪያው ከተበላሸ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ሊታይ ስለሚችል፣ በቆጠራው ላይ ዝርያው እንዳለ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዘሩ ግን በቅሎ አያድግም። ሳይንቲስቶች ይህን የዘገየ ኪሳራ የመጥፋት ዕዳ ይሉታል። ስለዚህ የመስክ ሠንጠረዡ ለእያንዳንዱ የዛፍ ዝርያ ችግኝ፣ ለጋና ያረጀ የሚሉ ሦስት ዓምዶች ቢኖሩት ይመረጣል፤ በመጨረሻው ዓምድ ብቻ ቁጥር የተሞላበት ዝርያ የዕዳው ምልክት ሊሆን ስለሚችል ተማሪዎቹ ምክንያቱን እንዲመረምሩ ማድረግ ይቻላል።