ወተት በትምህርት ቤት ምገባ፦ ጅማ ላይ የሚባለውና እውነታው

ጅማ ውስጥ ስለ ተማሪዎች ምገባ በተወራ ቁጥር «ወተትስ?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሀገራችን የትምህርት ቤት ምገባ በአብዛኛው እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ነው፤ ዳቦ፣ ሽሮ፣ ቅንጬ፣ ሩዝ፣ ንፍሮ። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ወተትና እንቁላል በየስብሰባው ይነሳሉ። ችግሩ፣ ወተት ሲነሳ አብሮት የሚነሳው ወሬ ግማሹ ከልክ ያለፈ ተስፋ፣ ግማሹ ደግሞ መሠረት የሌለው ፍርሃት ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ወተት ልጅን ያሳድጋል፤ የሚያሳድገው ግን በጥቂቱ ነው፤ ይበልጥ የሚጠቅመውም ትንንሾቹንና በዕድገት ወደኋላ የቀሩትን ነው። (ከዚህ በታች ለጥናቶች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ወተት የሚጠጣ ልጅ ይመዘዛል»

ይህ እምነት ከባዶ ሜዳ አልመጣም። በ1920ዎቹ ኮሪ ማን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በለንደን አቅራቢያ ባለ የወንድ ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ ለተወሰኑ ልጆች ከመደበኛው ምግብ በተጨማሪ በየቀኑ 570 ሚሊ ሊትር ገደማ ወተት ሰጠ። በዓመቱ ሲለኩ መደበኛውን ምግብ ብቻ የበሉት 4.7 ሴንቲ ሜትር፣ ወተት የተጨመረላቸው ደግሞ 6.7 ሴንቲ ሜትር ያህል አድገው ተገኙ። የሁለት ሴንቲ ሜትር ልዩነት በአንድ ዓመት! ወሬው ቢዛመት አይገርምም።

ቀጥሎ የመጣው ግን የበለጠ ያስተምራል። በ1930 በስኮትላንድ ላናርክሻየር ውስጥ 20 ሺህ ተማሪዎች የተካተቱበት ሙከራ ተደረገ፤ 10 ሺህ ለሚሆኑት ከየካቲት እስከ ሰኔ በየትምህርት ቀኑ 425 ሚሊ ሊትር ያህል ወተት ሲሰጥ የቀሩት ያለ ወተት ተለኩ። ወተት የጠጡት በዚያ ጊዜ ውስጥ ትንሽ የበለጠ አድገው ተገኙ። በዓመቱ በቢራ ፋብሪካ ተቀጥሮ የሚሠራ ዊልያም ጎሴት የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ ሙከራውን አብጠርጥሮ ተቸው። መምህራኑ ቡድኖቹ የተመጣጠኑ መስለው ካልታዩአቸው ልጆች እንዲያቀያይሩ ተፈቅዶላቸው ስለነበር፣ ሳያውቁትም ሊሆን ይችላል፣ ወተቱን ለድሆቹና ለከሱት አድልተው ነበር። ወተት የደረሳቸው ልጆች ገና ሲጀመር አጠር ያሉና ቀለል ያሉ ነበሩ። ደግሞም ልጆቹ የተመዘኑት ልብሳቸውን እንደለበሱ ነው፤ በብርዱ ወር ድርብርቡን ለብሰው፣ በሙቀቱ ወር ስስ ለብሰው። መምህራኑን ለመውቀስ ግን ያስቸግረኛል። ፊት ለፊትህ የራበው ልጅ ተቀምጦ ወተቱን ለጠገበው ስጥ ብትባል ምን ታደርጋለህ? የጅማ መምህር ቢሆንም ያንኑ ያደርግ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ሙከራዎች በ2012 በአንድ ላይ ተደምረው ሲታዩ ውጤቱ ረጋ ያለ ነው፤ በቀን አንድ ብርጭቆ (245 ሚሊ ሊትር) ወተት ሲጨመር በዓመት ወደ 0.4 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ዕድገት ይገኛል። ከእርሳስ ውፍረት ያነሰ ማለት ነው። ይህን በስምንት የትምህርት ዓመት አባዝቶ «ሦስት ሴንቲ ሜትር አተረፍን» ማለትም አያስኬድም፤ ሙከራዎቹ ልጁን እስኪጎለምስ ድረስ አልተከታተሉትም።

ለምን ያሳድጋል? ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ብቻውን አይደለም። ዴንማርክ ውስጥ የስምንት ዓመት ወንድ ልጆች ለአንድ ሳምንት በቀን አንድ ሊትር ተኩል ወተት ሲጠጡ አይጂኤፍ-1 የሚባለው ዕድገትን የሚያነቃቃ ሆርሞን በደማቸው ውስጥ 19 በመቶ ከፍ አለ፤ ያንኑ ያህል ፕሮቲን በሥጋ ያገኙት ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ወተት ጥጃ እንዲያሳድግ የተሠራ ነገር ነውና አይገርምም። ሆኖም አንድ ሊትር ተኩል በቀን የሚያጠጣ ትምህርት ቤት ጅማም የለም፣ ኮፐንሃገንም የለም።

«ያለ ወተት ቁመት የለም»

የደቡብ ኮሪያ ሴቶች በመቶ ዓመት ውስጥ አማካይ ቁመታቸው በ20 ሴንቲ ሜትር ጨምሯል፤ በዓለም ላይ ከተመዘገበው ሁሉ ትልቁ ነው። ኮሪያ ደግሞ በወተት የምትታወቅ ሀገር አይደለችም። ጠግቦ መብላት፣ ንጹሕ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ክትባት፣ የልጅ በሽታ መቀነስ፤ እነዚህ ተደምረው የሚሠሩትን ወተት ብቻውን አይሠራውም። የቤተሰብ ቁመትም አለ፤ አጭር ወላጆች ያሉት ጤነኛ ልጅ አጭር ቢሆን በሽታ አይደለም።

«ለሁሉም እኩል ይሠራል»

ለጅማ ከሁሉ የቀረበው ጥናት የተሠራው ኬንያ፣ ኤምቡ ውስጥ ነው። ከ1998 እስከ 2000 በ12 ትምህርት ቤቶች ትንንሽ ተማሪዎች የበቆሎና የባቄላ ንፍሮ ይቀርብላቸው ነበር፤ እኛ ቤት የምናውቀው ዓይነት። ለአንዱ ቡድን ንፍሮው ላይ ዘይት፣ ለሌላው ወተት፣ ለሦስተኛው ሥጋ ተጨመረ፤ አራተኛው ምንም አልተሰጠውም። የበሉት ሁሉ ክብደት ጨመሩ። በቁመት ረገድ ወተቱ ለውጥ ያመጣው ግን በዕድሜ ትንንሾቹና ሲጀመር አጭር በነበሩት ላይ ነው። ደህና ቁመት በነበራቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ይህ ለእኛ ብዙ ይናገራል። በ2019 በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። አንደኛ ክፍል ስትገቡ ከመቶ ተማሪ ስንቱ በዚያ መንገድ አልፎ እንደመጣ አስቡት። መቀንጨር ዋናው ጉዳቱ የሚደርሰው ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ስለሆነ የትምህርት ቤት ወተት ያለፈውን መልሶ አይክስም፤ ጥቂቱን ግን ያካክሳል። እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ከ2008 ጀምሮ ሕፃናትን ከተወለዱ ጀምሮ የሚከታተል ጥናት መያዙም በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥያቄው የሚጀምረው ከትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይሆን ከማዋለጃ ክፍል ነው።

ስለዚህ በጀቱ ለሁሉም ካልበቃ ከስምንተኛ ክፍል መጀመር ስህተት ነው። ከታች ይጀመር።

«ወተት ካለ ሌላው ይቀር»

በጣም የሚያሰጋኝ ይሄኛው ነው። ወተት ገባ ተብሎ ሽሮው ቢቀጥን ልጆቹ ይጎዳሉ እንጂ አይጠቀሙም። አንድ 200 ሚሊ ሊትር ኩባያ ወተት 6.5 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ 240 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም፣ እንዲሁም ከእህልና ከጥራጥሬ ጨርሶ የማይገኘውን ቫይታሚን ቢ12 ይዟል። ሥጋ በዓመት በዓል ብቻ ለሚያይ ልጅ ቢ12 ከቁመቱ በላይ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ። ብረት ግን የለውም ማለት ይቻላል። በወተቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም እንዲያውም አብሮ ከተበላው ምግብ ብረት እንዳይገባ በመጠኑ ያግዳል። በኤምቡም በአእምሮ ፈተናው ከሁሉም ልቀው የተገኙት ሥጋ የበሉት እንጂ ወተት የጠጡት አልነበሩም።

በጅማ ዋጋ ሥጋ በየቀኑ ለተማሪ ይቅረብ ማለት ቀልድ ነው። ባቄላና ምስር ግን አለ፤ ዘይቱን (ጓቫ)፣ ማንጎና ፓፓያም በየጓሮው አለ። ቫይታሚን ሲ ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት በደንብ እንዲገባ ያግዛል፤ ዘይቱን ደግሞ በዚህ ከብርቱካን ይበልጣል። ወተቱ ጠዋት በእረፍት ሰዓት፣ ጥራጥሬው ምሳ ላይ ከፍሬ ጋር ቢቀርብ ሁለቱም ሥራቸውን ይሠራሉ። ሻይና ቡና ከምግቡ ይራቁ፤ ጅማ ላይ ይህን መናገር እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሻይ ላይ ጠብ የሚደረግ ወተትም «ወተት ጠጥቷል» አያሰኝም።

«የሚያሳድገው ቅቤው ነው፤ አሬራ ምን አለው?»

በየቤቱ ቅቤው ይከበራል፣ አሬራው ለሠራተኛ ወይም ለጥጃ ይሰጣል። ከዕድገት አንጻር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ወተት ሲናጥ ቅቤው ይዞ የሚወጣው ስቡንና በስብ የሚሟሟውን ቫይታሚን ኤ ነው፤ ፕሮቲኑና ካልሲየሙ አሬራው ውስጥ ይቀራል። ቅቤ ኃይል ይሰጣል፣ አጥንትና ጡንቻ ግን አይገነባም። ወተቱ ተንጦ ቅቤው ገበያ ቢወጣ እንኳ፣ ከፈላ ወተት የተናጠ ንጹሕ አሬራ ለልጆቹ ከቀረ ዋናው ነገር ተርፏል።

አይብ ላይ ደግሞ ትንሽ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሬራው ተሞቆ አይቡ ሲለይ ፕሮቲኑ ከአይቡ ጋር ይሆናል፤ ከካልሲየሙ ብዙው ግን በአጓቱ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ኮምጣጣነቱ ካልሲየሙን ያሟሟዋል። ስለዚህ አይብ ከጎመን ጋር ሲበላ ያ የድሮ አያቶች ምግብ ትክክል ሆኖ ይገኛል፤ ጎመኑ የጎደለውን ካልሲየም ይጨምራል።

በዚያው፣ በአንዳንድ ቤት ለጨቅላ የሚቀመሰው ቅቤ ይቅር። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ነው፤ የላም ወተትም ከአንድ ዓመት በፊት እንደ ዋና መጠጥ አይሰጥም።

«የዱቄት ወተት ኬሚካል ነው»

አይደለም። ውሃው የወጣለት ወተት ነው። መጠርጠር ያለበት ሁለት ነገር ነው፦ የተበጠበጠበት ውሃ መፍላቱና ማሸጊያው ላይ የተጻፈው። የወተቱ ስብ ወጥቶ የአትክልት ዘይት የተተካባቸው «ወተት መሰል» ዱቄቶች በገበያ አሉ፤ የፕሮቲን መጠናቸው ከእውነተኛው ሊያንስ ስለሚችል ጽሑፉ ይነበብ።

«ትኩስ የታለበ ነው ጤናማው»

የጅማ ወተት ብዙው ከጓሮ ላም ተነስቶ፣ ሃይላንድ በምንለው የውሃ ጠርሙስ ተሞልቶ፣ ቤት ለቤት የሚዞር ነው። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባለውን የከብት በሽታና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ወደ ሰው ያስተላልፋል። ጮጮው ወይም ቅሉ በወይራ መታጠኑ ጠረኑን ያሳምራል፣ መበላሸቱንም ያዘገያል፤ ማፍላትን ግን አይተካም። እርጎ ሆነ ማለትም ጀርሙ ሞተ ማለት አይደለም። ወተቱ መጀመሪያ ይፍላ፣ ከዚያ ይርጋ። ፋብሪካ ቢሆን 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሰከንድ ይበቃል፤ ቤትና ትምህርት ቤት ግን ቴርሞሜትር ስለሌለ ገንፍሎ እስኪነሳ መጠበቅ ነው። ጠባብ አንገት ያለው ጠርሙስ ውስጡ ስለማይፈገፈግ ለወተት አይሆንም፤ ትምህርት ቤት የሚረከበው በአሉሚኒየም ጣሳ ይሁን።

ማፍላት የማይነካው አንድ ነገር አለ። በ2016 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢው ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ተገኝቷል፤ ከአውሮፓው ወሰን በታች የሆኑት 9 ብቻ ነበሩ። መነሻው መኖ ነው፤ በተለይ የሻገተ የኑግ ፋጉሎ። መርዙ ከላሟ ወደ ወተቱ ያልፋል፤ እሳት አያጠፋውም። በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚዘንብባት ጅማ ፋጉሎ መሬት ላይ ተከምሮ እርጥበት እንዳይጠጣ ማድረግ ከማንኛውም የወተት ምርመራ ይቀድማል። ወተት የሚረከብ ትምህርት ቤት ለአቅራቢው «ፋጉሎህን የት ነው የምታስቀምጠው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። እስካሁን ሲጠየቅ አልሰማሁም።

«የእኛ ልጆች ሆድ ወተት አይስማማውም»

ከፊሉ እውነት ነው። የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ የሚፈጨው ኢንዛይም በብዙ ሰዎች ዘንድ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ከብትና ግመል ሲያረቡ በኖሩ ሕዝቦች ዘንድ እስከ እርጅና የሚዘልቅላቸው ብዙ ናቸው። ነገር ግን የቀነሰባቸውም ቢሆኑ አንድ ኩባያ ከምግብ ጋር ሲጠጡ አብዛኞቹ ምንም አይሆኑም። የሚነፋው ልጅ ካለ እርጎ ይሞከር፤ ላክቶሱ ያነሰ ነው። ወተት ሲነካው ከንፈሩ የሚያብጥ ወይም ሰውነቱ ሽፍ የሚል ልጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ አለርጂ ነው፣ አይስጡት።

«ጾም ስላለ ወተት አይታሰብም»

ጅማ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ክፍል የሚማሩባት ከተማ ናት። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳንም አለ። ይህን የዘነጋ መርሐ ግብር ወተት አስደፍቶ ይቀራል። መፍትሔው ግን አይከብድም፦ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ወተት፤ ረቡዕና ዓርብ ለውዝ ወይም ባቄላ። በዐቢይ ጾም ለሚጾሙት በሦስቱም ቀን የጾሙ ምግብ፣ ለማይጾሙት ወተቱ ይቀጥል። ደግሞም በሁለቱም እምነት የጾም ግዴታ ትንንሾቹን አይመለከትም፤ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ በቤተ ክርስቲያን ልማድ አይጾምም፣ በእስልምናም ግዴታው ለአቅመ አዳምና ሔዋን ሲደርሱ ነው። ወተት ይበልጥ የሚጠቅማቸውም እነዚሁ ናቸው። ከዜሮ ክፍል እስከ ሁለተኛ ክፍል፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ 200 ሚሊ ሊትር የፈላ ወተት ይጀመር፤ በጀት ከተረፈ ወደ ሦስተኛ ክፍል ይውጣ።