የጋትስቢ ድግስና የጋትስቢ ቀብር

የኤፍ ስኮት ፊትዝጄራልድን «ታላቁ ጋትስቢ» ያላነበበ ሰው እንኳ ስለ መጽሐፉ የሚለው አያጣም። የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ስህተት ነው።

«የፍቅር ታሪክ ነው።»
ፍቅርማ አለ። ግን ባለታሪኩ ጋትስቢ የሚወዳትን ዴዚን አሜሪካ ውስጥ ሉዊቪል ከተማ ሲያገኛት ድሃ መኮንን ነበር፤ አፉን ያስከፈተው ቤቷም ጭምር ነው። ብዙ ወንድ የወደዳት መሆኗ ደግሞ በዓይኑ ዋጋዋን ከፍ አደረገላት። ከአምስት ዓመት በኋላ ሀብታም ሆኖ ሲያገኛት፣ ሸሚዞቹን ከቁም ሳጥን እያወጣ ጠረጴዛ ላይ ይከምራል። እሷ ፊቷን ሸሚዞቹ ውስጥ ቀብራ ታለቅሳለች። እንዲህ የሚያምር ሸሚዝ አይታ አታውቅማ! ስለ ድምጿ ሲያወራም «ገንዘብ የሞላበት ነው» ይላል። ለእኔ መጽሐፉ ያለው እዚህ ጋ ነው።

«የሚያባልገው አዲስ ሀብት ነው።»
የዴዚ ባል ቶምም የሚለው ይህንኑ ነው። አልኮል በተከለከለበት ዘመን ጋትስቢ በድብቅ መጠጥ እየሸጠ እንደከበረ አጋልጦ ያዋርደዋል። የራሱ ገንዘብ የውርስ ነዋ። ለሰርጉ ዋዜማ ለዴዚ የሰጣት ዕንቁ ብቻ 350,000 ዶላር ያወጣል። ይህ ጨዋ ሰው ታዲያ ውሽማ አለችው። ዴዚ የጋትስቢን መኪና ስትነዳ ያቺኑ ውሽማ ገጭታ ትገድላለች። ቶም ለሟች ባል የመኪናውን ባለቤት ይጠቁማል፤ ባልየውም ጋትስቢን በጥይት ይገድለዋል። ቶምና ዴዚስ? ሻንጣቸውን ሸክፈው እብስ።

«እንደወጣ ገበያው ደራ።»
አልደራም። እ.ኤ.አ. በ1925 ታትሞ፣ ደራሲው በ1940 ሲሞት ያልተሸጡ ቅጂዎች ገና ነበሩ።

«ቅንጦትን ያወድሳል።»
በጋትስቢ ስም ፓርቲ የሚደግሱ ሰዎች እስከ መጨረሻው ያነበቡት አይመስለኝም። ለጋትስቢ ድግስ በየሳምንቱ አርብ አምስት ሣጥን ብርቱካንና ሎሚ ከኒውዮርክ ይመጣል። ሰኞ የተጨመቀው ልጣጭ ተቆልሎ በጓሮ በር ይወጣል። ደጋሹ ራሱ መጠጥ እምብዛም አይቀምስም። እንግዶቹ አብዛኞቹ ሳይጠሩ የመጡ ናቸው፤ የእሱን መጠጥ እየጠጡ «ሰው ገድሏል አሉ» እያሉ ያሙታል። ቀብሩ ላይ ግን አባቱ፣ ጎረቤቱ ኒክ፣ ቄሱ፣ ጥቂት አገልጋዮች፣ ፖስተኛውና አንድ ባለመነጽር ሰውዬ ብቻ ቆሙ። ክሊፕስፕሪንገር የሚባል፣ እዚያው ቤት የከረመ እንግዳ፣ ከቀብሩ በፊት ስልክ ደውሎ ነበር። የቴኒስ ጫማውን ረስቶ ኖሮ፣ እንዲልኩለት ነው የፈለገው።