የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ወጪ በኢትዮጵያና በኬንያ፦ ከሐዋሳ ሲታይ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌና ናይሮቢ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከዚህ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የምትገኘው ሞያሌ ድንበር ለሁለት ከፍሏታል። በወዲያኛው ወገን ያለ የመንግሥት መምህር ደሞዙ ከናይሮቢ ይመጣለታል፤ የወዲህኛው ከአካባቢው አስተዳደር በጀት ይከፈለዋል። ሁለቱን አገሮች የሚለያቸው ዋናው ነገርም ይኸው ነው።

ከምርታቸው ለትምህርት የሚያውሉት መቶኛ ብዙም አያራርቃቸውም። እ.ኤ.አ. በ2015 በደቡብ ኮሪያዋ ኢንቾን የተደረገው የትምህርት ጉባኤ አገሮች ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው ከ4 እስከ 6 በመቶ ለትምህርት እንዲያውሉ መክሮ ነበር። በዚያን ጊዜ ሁለቱም በዚሁ መካከል ነበሩ።

ኬንያ በጥር 2003 እ.ኤ.አ.፣ ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ ሥልጣን በያዙ ማግስት፣ የአንደኛ ደረጃ ክፍያን አስቀረች። በአንድ ዓመት ውስጥ የተማሪው ቁጥር ከ5.9 ወደ 7.2 ሚሊዮን ገደማ አሻቀበ፤ በዓመቱም የ84 ዓመቱ አዛውንት ኪማኒ ማሩጌ አንደኛ ክፍል ገቡ። መንግሥት ለእያንዳንዱ ተማሪ በዓመት 1,020 ሽልንግ መደበ፦ 650ው ለመጽሐፍና ለደብተር፣ 370ው ለጥገናና ለልዩ ልዩ ወጪ። ኋላ ላይ ወደ 1,420 ከፍ ብሏል። ደሞዝ በዚህ ውስጥ የለም፤ መምህራንን የሚቀጥረውና የሚከፍለው እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን ነው። እ.ኤ.አ. የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ብዙ ሥልጣን ካውንቲ ለሚባሉት የአካባቢ አስተዳደሮች ሲሰጥ እንኳ ከትምህርት የደረሳቸው በዋናነት ቅድመ አንደኛው ነው። ማዕከሉ ገንዘቡን አጥብቆ ቢይዝም ከብልሹ አሠራር አልዳነም። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ለነፃ ትምህርቱ ከተመደበው ገንዘብ መጥፋቱ ሲጋለጥ እንግሊዝና አሜሪካ እርዳታቸውን አቁመው ነበር።

የኢትዮጵያው መንገድ ረጅም ነው። የ1986 ዓ.ም.ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ትምህርት በነፃ እንዲሆን ደነገገ። በ1987 ዓ.ም. 3 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ከሃያ ዓመት በኋላ ከ18 ሚሊዮን አልፏል። ገንዘቡ ግን «ለአንደኛ ደረጃ» ተብሎ ከፌዴራል አይወርድም። ድጎማው ለክልል በጥቅሉ ይሰጣል፤ ክልሉም ለወረዳና ለከተማ አስተዳደር በቀመር ያከፋፍላል። ይህ የወረዳ ጥቅል በጀት በ1995 በጀት ዓመት ሲጀመር ሐዋሳ መቀመጫው የነበረችው ደቡብ ክልል ከቀዳሚዎቹ አራት ክልሎች አንዱ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የከተማዋ በጀት በሲዳማ ክልል በኩል ነው።

በወረዳው ጠረጴዛ ላይ ትምህርት ከጤና፣ ከውሃና ከግብርና ጋር ይሻማል። የደረሰውንም ከሞላ ጎደል ደሞዝ ይጨርሰዋል። ለጠመኔና ለጥገና እንዲሆን በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በኩል የትምህርት ቤት ድጎማ መጣ፦ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል በተማሪ 50 ብር፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ 55 ብር። ይህ በአብዛኛው የለጋሾች ገንዘብ ነበር።

ቀሪውን ወላጅ ይሞላል። እዚህ ሐዋሳ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር፤ አጀንዳው የጥበቃ ደሞዝ፣ እግሩ የወለቀ ዴስክና የፎቶ ኮፒ ወረቀት ነበር። መዋጮው «በፈቃደኝነት» ተባለ፤ ያልከፈለ ልጁን ሊያስመዘግብ ሲሄድ ግን ደረሰኝ ይጠየቃል። እንዲህ ያለው ገንዘብ ከመንግሥት የወጪ ሰንጠረዥ ውስጥ አይገባም። ኬንያም ውስጥ ወላጅ መዋጮ ይጠየቃል፤ ነፃ የሚለው ቃል በሁለቱም አገር ለቀቅ ብሎ የሚነበብ ነው።

ቁጥር ለቁጥር የሚያስተያይ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። የኬንያን 1,420 ሽልንግ ከእኛ 50 ብር ጎን ማስቀመጥ ያስኬዳል፤ ሁለቱም ከደሞዝ ውጪ ናቸውና። ደሞዝ ካለበት የወረዳ በጀት ጋር ማወዳደር ግን ከንቱ ድካም ነው። «አንደኛ ደረጃ» የሚለውም ተለዋውጧል፦ ሁለቱም አገሮች 8 ዓመት ይሉት የነበረውን ወደ 6 አውርደዋል። በዶላር ለማስላት ለሚነሣ ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አለ። ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ከ100 በላይ ሆነ። መምህራኑም ክፍሎቹም እንዳሉ ሆነው የኢትዮጵያ ወጪ በዶላር ሰንጠረዥ ላይ ወደ ግማሽ ወረደ።