ጌይሻ ምን ዓይነት ባለሙያ ናት?
እንግዶችን በዘፈንና በጨዋታ ስለሚያዝናኑት የጃፓን ባለሙያዎች፣ ስለ ጌይሻዎች፣ ሕይወት የሚተርክ ታሪካዊ ፊልም በታየ ቁጥር «ጌይሻ ማለት ሐር የለበሰች ሴተኛ አዳሪ ናት» የሚል አስተያየት ሰጪ አይጠፋም። ሰሞኑን ይህንኑ የጻፉ አንድ ሰው በማስረጃነት ያቀረቡት ሥዕል መቀነቷን ከፊት ለፊት ያሰረች፣ በጠጉሯም ላይ ረጃጅም ጌጦች የሰካካች ሴት ያሳያል። ይህች ሴት ግን ጌይሻ ሳትሆን ኦይራን፣ ማለትም በመንግሥት ፈቃድ በተቋቋመ ሰፈር የምትሠራ ባለ ከፍተኛ ማዕረግ ሴተኛ አዳሪ ናት። ጌይሻ ኦቢ የተባለውን ሰፊ መቀነት የምትታጠቀው ከኋላ አሥራ ነው፤ የኪዮቶዋ ተለማማጅ፣ ማይኮ፣ የምትታጠቀውማ ከ5 ሜትር ስለሚበልጥ ጎትቶ የሚያስርላት ሙያተኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ፣ ያስፈልጋታል። የኦይራኗ መቀነት ከፊት የታሰረው «ቶሎ እንዲፈታ ነው» የሚለው ማብራሪያም ቢሆን አያስተማምንም፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መቀነታቸውን ከፊት የሚያስሩ ባለትዳር ሴቶችም ነበሩና።

ስሕተቱ የሚመነጨው ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ግቢ ውስጥ ስለኖሩ ነው። የመድኃኒት ባለሙያና ሐኪም በአንድ ሆስፒታል ነጭ ጋውን ለብሰው ስለሚሠሩ ሙያቸው አንድ አይሆንም፤ እንዲያውም የመድኃኒት ባለሙያው የሐኪሙን ሥራ እንዳይነካ የሚከለክለው ደንብ የተጻፈው ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ነው። በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ በነበረው የዮሺዋራ ሰፈር የሆነውም ይኸው ነው። እንግዶችን በዘፈንና በጨዋታ የሚያዝናኑት የመጀመሪያዎቹ ጌይሻዎች ወንዶች ነበሩ፤ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ሻሚሰን የተባለውን ባለ ሦስት ክር የሙዚቃ መሣሪያ የሚደረድሩ ሴቶች ሲበዙ የኦይራኖቹ ገበያ እንዳይነካ ተሠጋ። እ.ኤ.አ. በ1779 ኬንባን የተባለ መዝጋቢ ቢሮ ተቋቁሞ ጌይሻዎቹ ከኦይራኖቹ ደንበኞች ጋር እንዳይተኙ ይቆጣጠር፣ አለባበሳቸውም ቁጥብ እንዲሆን ያስገድድ ጀመር።

ይህን ስል ሙያውን ማንጻቴ አይደለም። የድሃ ልጆች በዕዳ ለጌይሻ ቤት ይሰጡ ነበር፤ ዳና የሚባል ሀብታም ደጋፊ ወጪዋን የሚሸፍንላት ጌይሻም ብዙ ጊዜ የሰውየው ውሽማ ነበረች። የድንግልና ሽያጭም በአንዳንድ ቦታ ተፈጽሟል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሆሊውድ ፊልም የድንግልናውን ጨረታ የታሪኩ ዋና መታጠፊያ ሲያደርገው ተመልካቹ ጌይሻነትን በዚያ ትዕይንት ቢተረጉመው አይገርምም። ፊልሙ ለተመሠረተበት ልብ ወለድ ቃለ መጠይቅ የሰጡት ጊዮን በተባለው የኪዮቶ የጌይሻ ሰፈር የሠሩት ሚኔኮ ኢዋሳኪ በእሳቸው ላይ እንዲህ ያለ ጨረታ እንዳልተካሄደ ተናግረው ደራሲውን ከሰዋል፤ ጉዳዩም እ.ኤ.አ. በ2003 በስምምነት ተቋጭቷል።

«ስሙ ይለያይ እንጂ ሥራው አንድ ነው» ለሚሉት አስተያየት ሰጪ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣችው የዝሙት አዳሪነት መከላከያ ሕግ በ1958 ሙሉ በሙሉ ሲጸና ዮሺዋራን የመሰሉ ባለ ፈቃድ ሰፈሮች ተዘጉ፤ ጊዮንና ፖንቶቾ የተባሉት የኪዮቶ የጌይሻ ሰፈሮች ግን በዚያው ሕግ ሥር እስከ ዛሬ በይፋ ይሠራሉ፤ ሥራው አንድ ቢሆን ኖሮ እነዚህን ምን አተረፋቸው?