የሳሎን ባላድ ምንድን ነው? «ካሽሚሪ ሶንግ»ስ የሕንድ ባህላዊ ዘፈን ነው?

«ካሽሚሪ ሶንግ» ጥንታዊ የሕንድ ዘፈን ነው ተብሎ ሲጻፍ ለስንተኛ ጊዜ እንዳየሁ እንጃ። የቅርቡ ተንታኝ ደግሞ ብሶበታል። እንግሊዞች ዜማውን ከካሽሚር መንደር ቀድተው ወሰዱት ይላል። ከየትኛው መንደር? ከማን አፍ? ይህን አይነግረንም።

«ካሽሚሪ ሶንግ» የሳሎን ባላድ ነው፦ ሰዎች ቤታቸው በፒያኖ ታጅበው እንዲዘፍኑት ታትሞ የሚሸጥ ዘፈን። የወጣው ለንደን ውስጥ፣ በ1902 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዜማውን የደረሰችው ኤሚ ውድፎርድ ፊንደን ናት፤ ቺሊ ተወልዳ፣ በእንግሊዝ የሕንድ ጦር ያገለገለ መኮንን ያገባች ሴት። ግጥሙ የሎረንስ ሆፕ ነው። ይህም ሕንድ ውስጥ የኖረችው የጄኔራል ሚስት፣ የአዴላ ኒኮልሰን የብዕር ስም ነው። በ1901 የታተመው መጽሐፏ የቀረበው «ከሕንድ የተገኙ የፍቅር ግጥሞች፣ በሎረንስ ሆፕ የተቀናበሩ» በሚል ዓይነት መግለጫ ነበር። አንባቢው ትርጉም መሰለው። ግጥሞቹ ግን በአብዛኛው የራሷ ፈጠራ ናቸው። ተንታኛችን የወደቀው እዚሁ አሮጌ ወጥመድ ውስጥ ነው።

የሳሎን ባላድ ከሁሉ በፊት ንግድ ነው። ጆን ቡዚ የተባለ የኖታ (ዜማ በምልክት የተጻፈበት ወረቀት) አሳታሚ ከ1867 ጀምሮ ለንደን ላይ የባላድ ኮንሰርት ያዘጋጅ ነበር። ታዋቂ ድምፃዊ መድረክ ላይ ይዘፍናል። ሰዉ ኖታውን ገዝቶ ቤቱ ይገባል። ማታ ሳሎን ውስጥ ልጅቷ ፒያኖ ትጫወታለች፣ አጎትየው ይዘፍናል። ዘፈኑን በየኮንሰርቱ ያስተዋወቀው ድምፃዊም ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ቅጂ ይታሰብለታል። ስለዚህ ዜማው የአማተር ጉሮሮ የሚችለው መሆን ነበረበት። ያው ዘፈን ለቀጭን፣ ለመካከለኛና ለወፍራም ድምፅ በተለያየ ቁልፍ (የዜማው ከፍታና ዝቅታ) ይታተም ነበር። እግረ መንገዴን፣ «ትክክለኛው ቁልፍ ይህ ነው» ብሎ የሚከራከር ካጋጠማችሁ አትድከሙ።

ፋብሪካ ያተመውን ጥለት አስቡት። ልብሱ ተራ ጨርቅ ነው፤ ጠርዙ ላይ ጥለት የሚመስል ነገር ታትሞበታል። ከሩቅ ሲያዩት የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሠራው ይመስላል። ገልበጥ አድርገው ሲያዩት ግን የተሸመነ ክር የለም። «ካሽሚሪ ሶንግ»ንም እስቲ ገልብጡት። ራጋ የሚባለው የሕንድ ዜማ ስልት የለም፣ ታብላ የሚባለው የሕንድ ከበሮም የለም። ያለው ድምፅና ፒያኖ ነው፤ ሃርመኒውም (የድምፆቹ ቅንጅት) ለንደን የለመደችው ነው። ሕንድ ያለችው ጠርዙ ላይ ብቻ ነው፦ ርዕሱ፣ ሻሊማር የሚለው የካሽሚር የአትክልት ስፍራ ስም፣ ሎተስ የተባለው የውሃ አበባ እምቡጥ። የታተመው ቀሚስ ሲሸጥ ሸማኔው እጅ ሳንቲም አይገባም። እዚህም የአንድ ቅጂ ገንዘብ ለዘፋኟ፣ ለደራሲዋና ለአሳታሚው እንጂ ለካሽሚር አዝማሪ አልተከፈለም። ምሳሌዬ የሚሰበረው ግን እዚህ ላይ ነው። የታተመ ጥለት ቢያንስ ከእውነተኛ ጥለት ላይ ተቀድቷል። ይህ ዘፈን የተቀዳበት ዜማ የለውም።

«ገጣሚዋ እኮ እዚያው ሕንድ ኖራለች» ይላል ተንታኙ። አዎ፣ ኖራለች፤ በ1904 የሞተችውም በሕንዷ ከተማ ማድራስ ነው። እንግሊዛዊው ገጣሚ ኪፕሊንግ ደግሞ «ማንዳላይ» የተባለውን ግጥሙን የጻፈው የበርማዋን ከተማ ማንዳላይን ሳይረግጥ ነው። በ1889 በርማን ሲያልፍባት ያየው ራንጉንና ሞልሜን የተባሉትን ከተሞች ነበር። ግጥሙን በ1907 የሰልፍ ምት ያለው ዜማ የሰጠው ኦሊ ስፒክስም የአሜሪካዋ ኦሃዮ ሰው ነው። አንዷ እዚያው ኖረች፣ አንዱ አልደረሰበትም። ዘፈኖቹ ግን የሄዱት ወደ አንድ ዓይነት ፒያኖ፣ ወደ አንድ ዓይነት ደንበኛ ነው። ገጣሚ የት ኖረ የሚለው ጥያቄ ዜማው ከየት መጣ ለሚለው መልስ አይሆንም።

ባትጠይቁኝም አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ ሸክላ ሰምታችሁ ስለ ሳሎን አትፍረዱ። የፊልም ኮከቡ ሩዶልፍ ቫለንቲኖ ይህንኑ ዘፈን በ1923 ቀድቶታል፤ ደስ ይላል፣ ስሙት። ነገር ግን የዚያ ዘመን ሸክላ በአንድ ፊቱ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ረዘም ያለ ዘፈን ወይ ይቆረጣል፣ ወይ ይፈጥናል። ፒያኖውም ብዙ ጊዜ በኦርኬስትራ ይተካል። ሳሎን ውስጥ ምን ይሰማ እንደነበር ማወቅ የፈለገ ኖታውን ነው መክፈት ያለበት።